ሰፋሪ ሲያንጎራጉር

የሕዝብ ዘፈን የታሪክ ምስክር ነው የሚለው አባባል በሥነ ቃል ሰዎች ዘንድ እጅግ ስለተለመደ፣ ምስክርነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እኔ ጥያቄውን በመተከል ሰፋሪዎች እንጉርጉሮ ላይ ላንሳው።

ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ገደማ የሚሆን ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች እያነሳ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አወረደ። ከነዚህ ውስጥ ከ80,000 በላይ የሚሆኑት የሰፈሩት በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ ዛሬ ፓዌ በምንለው ቦታ ነው። ከከምባታና ከሐዲያ የመጡም አሉባቸው፤ እነሱም በየቋንቋቸው እንደሚያንጎራጉሩ አልዘነጋሁም። እኔ የማወራው ስለ አማርኛው ነው።

በዚያን ዘመን የኪነት ቡድኖች ስለ ልማትና ስለ ለምለም መስክ በሰልፍ ዜማ ያሰሙት ነበር። ያ ዘፈን ካዘዘው ሥርዓት ጋር አብሮ አለፈ። የቀረው ገበሬው ለራሱ ያለው ነው። ፈቃደ አዘዘ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ረሃቡ የገጠሙትን ሰብስቦ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፉ፣ ይህ ዓይነቱ ቃል ግጥም ምን ያህል እንደሚችል አሳይቶናል። የእንግዳ መቀበል ወግ ሲፈርስ፣ ባለጸጋ ሲለምን፣ ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲሟገት የሚያሳይ ሪፖርት በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ አይገኝም።

የሰፈራው እንጉርጉሮ የዚሁ ተከታይ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉ ራሱ ለቅኔ የተመቸ ነው። ሰው ሰፈረ እንላለን፤ እህልም ተሰፈረ እንላለን። ሰፍሮ የሚኖረውም፣ በቁና የሚሰፍረውም ሁለቱም ሰፋሪ ናቸው። ከቀዬው ተነቅሎ በቁጥር የተጫነ፣ ከደረሰ በኋላም ራሽን እየተሰፈረለት የከረመ ገበሬ ይህን ድርብ ትርጉም ሊስተው አይችልም። ስለ እህሉ የተናገረ ይመስልና ስለ ራሱ ይሆናል። በዚያ ላይ መንደሮቹ የተሰጣቸው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፤ መንደር 7 እየተባሉ። የእኛ እንጉርጉሮ ደግሞ ያለ ቦታ ስም አይቆምም፤ ወንዙን፣ ጋራውን፣ ደብሩን ካልጠራ ሆድ አይነካም። ስለዚህ ዘፋኙ ፓዌ ተቀምጦ የሚጠራው የወሎን ወንዝ ነው። የናፍቆት ነገር ብቻ አይመስለኝም፤ በቁጥር ዜማ ማውጣት ስለማይቻልም ጭምር ነው።

እስካሁን በሰማኋቸው ውስጥ ቆላው በወባው፣ በሙቀቱ፣ በሬ በሚፈጀው ገንዲ፣ በጫካውና በአውሬው ይነሳል። ሰው የለበትም። ጉሙዙ የለም። ባለሥልጣናቱ ጠፍ መሬት ያሉት አገር ግን የጉሙዝ ገበሬ በመቆፈሪያ እያለማ፣ ለጥቂት ዓመታት አርሶ ለብዙ ዓመታት የሚያሳርፈው፣ ማር የሚቆርጥበት፣ የሚያድንበት መሬት ነበር። ያረፈው ማሳ ለደገኛ ዓይን ዱር መሰለ። ዘፈኑም ዱር ነው አለ። በዚህ ነጥብ ላይ እንጉርጉሮውና የኪነት ዘፈኑ፣ በሌላው ሁሉ የማይገናኙት፣ አንድ ቃል ይናገራሉ።

«በረሃብ የተገፋ፣ ሳይወድ የተጫነ ሰው ለጎረቤቱም ያንጎራጉርለት ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ በዘፋኙ አልፈርድም። የምወቅሰው ዘፈኑን ሰብስቦ «የአካባቢው ታሪክ» የሚል ርዕስ የሚሰጠውን ነው። ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። ጆን ሎማክስ በ1910 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የካውቦይ ዘፈኖች መድበል ውስጥም ከብቱና አቧራው፣ በሜዳ ላይ ብቻውን የሚሞተው እረኛ ሞልቷል፤ የመሬቱ ነባር ሕዝብ ግን ብቅ ካለም በአብዛኛው አደጋ ጣይ ሆኖ ነው። አሜሪካኖች ያንን መድበል ለረጅም ጊዜ የምዕራቡ አገራቸው ታሪክ አድርገው ዘምረውታል።

በመተከል ጉዳዩ ከሥነ ጽሑፍ ክርክር ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. በቡለንና በሌሎችም ወረዳዎች የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም። እዚያ የተወለደና እዚያ ያደገ የሰፋሪ ልጅ አለ፤ አገሩ ነው። መሬቱን ተነጥቆ ወደ ዳር የተገፋ የጉሙዝ ሽማግሌም አለ፤ አገሩ ነው። የአንደኛው ዘፈን ብቻ በካሴትና በመጽሐፍ ሲወጣ፣ ሳይታሰብ የይዞታ ማስረጃ ይሆናል።

ስለዚህ የሰፈራውን ቃል ግጥም ለመሰብሰብ የሚነሳ ተማሪ ቢያማክረኝ ቴፑን ይዞ ወደ ሁለቱም ደጅ እንዲሄድ እለምነዋለሁ። ጉሙዝኛ የሚችል ሰው ያስከትል። ሽማግሌዎቹንም ሌላ ከመጠየቁ በፊት፣ መንደር 7 ከመባሉ በፊት ቦታው ማን ይባል እንደነበረ ይጠይቅልኝ።