የጥድ ክዳንና የአስታ ቅጠል

አናጺ ጥድን የሚወደው ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። የግንዱ ዋና ጥበብ ግን መጋዝ በማይደርስበት ቦታ ነው ያለው።

ባሌ ውስጥ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ የአበሻ ጥድ ከኮሶ ጋር 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ቆሟል። በበጋ ፀሐይ ከቅጠሉ ላይ ውሃ ስታተን የታችኛው ውሃ በግንዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ተከታትሎ ይሳባል፤ የሚገፋው ሞተር የለም። አፈሩ ሲደርቅ ስበቱ ይከርራል፣ ሲብስም የውሃው ክር ተበጥሶ አየር ይገባል። አየር የገባበት ቧንቧ ከሥራ ውጭ ነው፤ አየሩ ወደ ጎረቤት ከተዛመተ ቅርንጫፉ ይደርቃል።

የጥድ ቧንቧዎች ግን እያንዳንዳቸው ቢረዝሙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናቸው። ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በጎናቸው ባሉ ክብ ቀዳዳዎች ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ በየቀዳዳው ላይ ከስስ ክሮች የተሠራ መረብ ተወጥሯል፤ መካከሉ ላይ ወፈር ያለ ክብ ክዳን አለ። በደህናው ጊዜ ውሃው በክሮቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል። አንዱ ቧንቧ አየር ሲገባበት ግን ውሃ ያለበት ወገን መረቡን ወደ ራሱ ይስባል፤ ክዳኑም ቀዳዳው ላይ ግጥም ይላል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሕይወት የሌለው አካል ነው፤ ቧንቧው ውሃ ማሳለፍ የሚጀምረው ሕዋሱ ከሞተ በኋላ ነውና።

ወደ ሳኔቲ አምባ በሚወስደው ዳገት ጥድ ይቀርና አስታ የሚባለው ዛፍ ይተካል። እዚያ ጥሙን የሚያመጣው ብርዱ ነው። አፈሩ ውስጥ ውሃ እያለ ሥሩ በውርጭ ደንዝዞ መሳብ ያቅተዋል፤ የማለዳ ፀሐይ ደግሞ ቅጠሉን አትምርም። ይባስ ብሎ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። ቧንቧው ቀጭን ሲሆን አረፋውም ትንሽ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ተመልሶ ይሟሟል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፦ የቧንቧ ወርድ በግማሽ ሲያንስ ፍሰቱ ወደ 1/16 ይወርዳል። እዚያ ላይ ችኩል ዛፍ አይታሰብም።

መርፌ የምትመስለዋን የአስታ ቅጠል ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ላያት ጠርዟ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ወደ ታች ታጥፏል። መተንፈሻ ቀዳዳዎቿ በእጥፋቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦይ ውስጥ ከነፋስ ተሸሽገዋል።

ከሁለቱ ምረጥ ብባል ክዳኑን እመርጣለሁ፤ ቅጠሏ አደጋውን ታርቀዋለች፣ ክዳኑ ግን አደጋው ከገባ በኋላ ባለበት ያስቀረዋል። ድርቁ እጅግ ሲበረታ እሱም ይሸነፋል፤ በክዳኑና በቀዳዳው ጠርዝ መካከል አየር ሾልኮ ያልፋል።