ለጆሮ የተሠራ ክራር

መርካቶ የባህል ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ክራር ከጀበናና ከመሶብ ጋር ተንጠልጥሎ ይውላል። ዶቃው፣ ዛጎሉና ባለ ቀለም ጨርቁ የበዛበት ቶሎ ዓይን ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ የተሠራው ለሳሎን ግድግዳ ነው። ለጆሮ የተሠራው ጌጡ ቀለል ያለ፣ እንጨቱ በእጅ ብዛት የወዛ ሆኖ ከበስተኋላ ይገኛል። ሙዚቃ ሊማር ለተነሳ ሰው፣ በተለይ ድምጽ ከድምጽ መለየት ገና ለሚጀምር፣ ከዚህኛው ክራር የተሻለ የመጀመሪያ መምህር የለም እላለሁ።

ፒያኖ ሌላ ሰው ቃኝቶት ይጠብቃል፤ ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው የቀረው። ጊታርም አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች ድምጾቹን አስቀድሞ ይወስናል። ክራር ግን ባዶውን ይመጣል። ተማሪው ዜማ ከመጫወቱ በፊት ስድስቱን ክሮች እያንዳንዳቸውን ሰምቶ፣ ከጎረቤታቸው ጋር አስተያይቶ መቃኘት አለበት። ያ ሥራ ራሱ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው። የሠሪው ብልሃትም የሚለካው ተማሪው በዚህ ሥራ ላይ ሳለ መሣሪያው ባለመዋሸቱ ነው።

በቅርብ እንየው። ገበቴው ከእንጨት የተፈለፈለ ወይም የብረት ሳህን ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ያገለግላሉ። ልዩነቱ የሚታየው በቆዳው ላይ ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ራሱን አክርሮ ይይዛል። ጥሩ ሠሪ የስፌቱን ርቀት ዙሪያውን እኩል ያደርገዋል። በአንድ ወገን ከላላ ክሮቹን ተሸክሞ የሚቆመው ብርኩማ ወደዚያ ያዘነብላል፤ የአንዱ ክር ድምጽ ሲጠራ የሌላው ይታፈናል። ክረምት ሲገባ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፣ በጋ ላይ ይከራል። ይህን ጨርሶ የሚያስቀር ባለሙያ የለም። የጥሩ ሠሪ ክራር ግን ሲወርድም ሲወጣም ክሮቹ አብረው ስለሚሄዱ ቅኝቱ ብዙም አይፈርስም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ቀንበሩን ነው። በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ የተጋደመው ይህ እንጨት የስድስት ክር ጉተታ ይሸከማል። ከተለመጠ ስድስተኛውን ክር ባጠበቁ ቁጥር የመጀመሪያው ይወርዳል፤ ወደ መጀመሪያው ሲመለሱ ሌላው ይሸሻል። ምስኪኑ ጀማሪ ጆሮዬ አይሰማም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ጥፋቱ ግን የእንጨቱ ነው። ደረቅና ግትር ቀንበር፣ ምሰሶው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ የማይነቃነቅ፣ መቃኛው ዞሮ በቆመበት የሚረጋ፦ ገንዘብ የሚከፈልበት ሙያ ይህ ነው። ድሮ ክሩ ቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ወይም ከጠፍር ጋር ተጠምጥሞ ነበር የሚያዘው፤ ዛሬ የእንጨት መቃኛ አለ፣ የጊታር ብረት መቃኛ የሚገጥሙም አሉ። በብረቱ የሚያኮርፉ ወግ አጥባቂዎች አይጠፉም። እኔ ለጀማሪ ብረቱን እመርጣለሁ።

ክሩም ሒሳብ አለው። የበገናም የክራርም ክር ቀድሞ ከእንስሳ አንጀትና ጅማት ይሠራ ነበር፤ አሁን ክራር ላይ የሚበዛው ናይለንና ሽቦ ነው። የክራር ክሮች ርዝመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ድምጻቸውን የሚለየው ውጥረታቸውና ውፍረታቸው ነው። አንድን ክር በማጥበቅ ብቻ አንድ ኦክታቭ ለማውጣት ውጥረቱን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ክሩ ይበጠሳል ወይም ቀንበሩ ይጎብጣል። ስለዚህ ዐዋቂ ሠሪ ለከፍተኛው ድምጽ ቀጭን፣ ለዝቅተኛው ወፍራም ክር ይመርጣል። ስድስቱም ሲነኩ ተቀራራቢ ጥንካሬ ካላቸው፣ ሠሪው ይህን ያውቃል።

አሁን ወደ ቅኝቱ። አምስቱ ክሮች አምስቱን ድምጾች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ብዙውን ጊዜ አንዱን በኦክታቭ ይደግማል። ክራሩን በትዝታ ሜጀር ቃኙት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከዚያ ሚንና ላን ብቻ ግማሽ ድምጽ ዝቅ አድርጉ። ትዝታ ማይነር ሆነ። ሌሎቹ ክሮች አልተነኩም፤ የሙዚቃው ስሜት ግን ሌላ ነው። በመጽሐፍ ገጾች የሚፈጅ ማብራሪያ በሁለት መቃኛ አለቀ። አምባሰልን ወደ አንቺሆዬ መለወጥ ደግሞ ከዚህም ይረቃል፦ አራተኛውን ድምጽ ግማሽ ዝቅ፣ አምስተኛውን ግማሽ ከፍ። ሁለት ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ትንሽ ተንቀሳቀሱና ጆሮ የሚደገፍበት ፍጹም አምስተኛ ከመነሻው ድምጽ ላይ ጠፋ። አንቺሆዬ ጀማሪን የሚያስቸግረው በዚህ ነው። የመርካቶው ልጅ ማህሙድ አህመድ ትዝታን ሲዘፍን የሰማ ሰው የመጀመሪያውን ቅኝት በጆሮው ይዞት ነው ወደ ክራሩ የሚመጣው፤ ለአንቺሆዬ ግን ብዙ መስማት ያስፈልጋል።

ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በነበረበት ጊዜ የኢትዮጵያን ባህላዊ መሣሪያዎች በማዘመን ላይ ሠርቷል። ለመድረክና ለቅንብር ይህ ታላቅ ነገር ነው። ለጀማሪ ግን ያልተዘመነው ይሻላል፤ ድምጾቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዱም ሳይሰማ አያልፍም።

ግርፍ ሲጀመር ሌላ ትምህርት ይመጣል። ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ። ዜማው የሚወጣው ከቀሩት ነው። ካሳ ተሰማን ወይም አስናቀች ወርቁን ስታዳምጡ ከዘፈኑ በስተጀርባ ይህን የግራ እጅ ሥራ ተከታተሉ፤ የተቆረጠው ድምጽ ከተመታው እኩል ምቱን ይይዛል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር የሚሰጠው ለባህል ክብር ብቻ አይመስለኝም።

ለልጅዎ ወይም ለራስዎ ክራር ሊገዙ መርካቶ ከወረዱ ዶቃውን ይተዉት። ባለሱቁ በትዝታ ይቃኝልዎ፤ ከዚያ እዚያው አጠገብ ሻይ ጠጥተው ይመለሱና ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ ይንኳቸው። ቅኝቱ ከሸሸ ሌላ ያስወርዱ፤ ካልሸሸ ብዙ አይከራከሩ፣ ይግዙት።