የሠላሳ ስድስት ባይት ሥራ

ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው ፊርምዌሩ ነው። ስለ ማሽኑ የሚያውቀውን በሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ሜሞሪ ላይ ያኖራል። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ሲነሣ ሰንጠረዦቹን ይፈልጋል። የፊርምዌሩና የእነዚህ ሥርዓቶች ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። የሚያግባባቸው ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለ የጋራ ደንብ ነው።

ወደ ሰንጠረዦቹ የምትመራው መዝገብ መጀመሪያ 20 ባይት ብቻ ነበረች። ስምንቱ መለያዋ ናቸው፦ ስድስት የላቲን ፊደላትና ሁለት ክፍት ቦታዎች፤ አንዱ መሐል፣ አንዱ መጨረሻ ላይ። ቀጥሎ አንድ የማረጋገጫ ባይት፣ ስድስት የአምራቹ መለያ፣ አንድ ዜሮ ሆኖ እንዲቆይ የታዘዘ ባይትና አራት የአድራሻ ባይቶች ይመጣሉ። በባዮስ ማሽኖች መዝገቧ የምትጀምረው ለ16 በሚካፈል አድራሻ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ 128 ኪሎባይት የሚፈትሽ ፕሮግራም 8,192 ቦታ ቢያይ ይበቃዋል።

የማረጋገጫው ባይት ሥራ ሃያዎቹ ሲደመሩ ለ256 ያለ ቀሪ እንዲካፈሉ ማድረግ ነው። ሌሎቹ 19 ባይቶች 1,400 ቢመጡ፣ እሱ 136 ይሆናል። ድምሩ 1,536፣ ማለትም ስድስት ጊዜ 256 ነው። ከሃያው አንዱ ብቻ ቢለወጥ ቀሪ ይመጣል።

በ2000 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው እትም ወጣ። አራት ባይት አድራሻ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ ስምንት ባይት ያስፈልግ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። አሮጌውን አድራሻ አላሰፉትም፤ ከነቦታው ተውት። አዲሱን ከሌሎች ጭማሪ ባይቶች ጋር ከሃያው በኋላ ቀጠሉት፤ መዝገቧም 36 ባይት ሆነች። ዜሮ የነበረው ባይት የእትም ቁጥር ሆኖ 2 ተጻፈበት። ድምሩ በሁለት ሲጨምር የማረጋገጫው ባይት በሁለት ይቀንሳል። የቀድሞው ፕሮግራም ሃያውን ደምሮ ቀሪ አያገኝም፤ ሥራውን ይቀጥላል።

አዲስ የገባው ሁለተኛ የማረጋገጫ ባይት ደግሞ ሠላሳ ስድስቱን በሙሉ ይሸፍናል። የፊተኞቹ 20 ለብቻቸው ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ፣ የተጨመሩት 16ም ለብቻቸው እንዲሁ መሆናቸው ግድ ነው። ስፌቱ የተያዘው በሁለቱም በኩል ነው።

የእትም ቁጥሩን ያስገባው ቀድሞ የተተወው አንድ ባይት ነበር። የሁለተኛው እትም አዘጋጆችም በመዝገቧ ጫፍ ሦስት ባይቶች ሳይመድቡ ትተዋል።