ደመናው የታል?

አራቱ ጣቶች ገጥመው ቀጥ ይላሉ፤ አውራ ጣት ታጥፎ ከአመልካች ጣት ሥር ይለጠፋል። ፓታካ የሚባለው የእጅ ምልክት ይኸው ነው፤ በሳንስክሪት ባንዲራ ማለት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ አንዴ አይቶ ይሠራዋል። በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ ባራታናቲያም የሚባለውን ውዝዋዜ ሊማር የገባ ሰው በአንድ እጅ ከሚሠሩት 28 ምልክቶች መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ነው። ናንዲኬሽቫራ እንደጻፈው የሚነገረው «አቢናያ ዳርፓና» የተሰኘው የቆየ መጽሐፍም ዝርዝሩን የሚከፍተው በፓታካ ነው።

ትርጉሙ ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚጠጥረው። ይኸው መጽሐፍ ለአንዱ መዳፍ ደመናን፣ ጫካን፣ ሌሊትን፣ ወንዝን፣ ፈረስን፣ ነፋስን፣ ማዕበልን፣ ዝምታን፣ መሐላንና ቡራኬን ይሰጠዋል። አንዲት ትጉህ ጀማሪ ሁሉንም በቃሏ ይዛ ቼናይ ውስጥ ባለች ጠባብ የልምምድ ክፍል መምህርቷ ፊት ትቆማለች። እጆቿን ከራሷ በላይ አንስታ ደመና ትሠራለች።

«እጅሽን አየሁት» ይሏታል መምህርቷ፤ «ደመናው የታል?»

ፍለጋው የሚጀምረው ከእግር ነው። አራይማንዲ በሚባለው አቋም ተረከዞች ይጋጠማሉ፣ የእግር ጣቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራሉ፣ ጉልበቶች ወደ ጎን ተከፍተው ይታጠፋሉ፤ ጀርባ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቀራል። መምህርቷ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የእንጨት ግንድ ታቱካዚ በሚባለው ዱላ እየመቱ «ታይ ያ ታይ ሂ» ይላሉ። ተማሪዋ በጠፍጣፋ እግሯ መሬቱን ትመታለች። አዳቩ ከሚባሉት መሠረታዊ እርምጃዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። በመጀመሪያው ፍጥነት ለአንድ ምት አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው አራት ጊዜ ትረግጣለች።

ሦስተኛው ፍጥነት ላይ ጭን ይቃጠላል። ያኔ ጀማሪ ሳይታወቀው ቀና ቀና ይላል፤ ጉልበቱ ይዘጋል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ክርኑ ይወርዳል። ክርን ከወረደ ደግሞ ደረት ፊት የተዘረጋው ፓታካ ሕይወት ያጣል፤ ጣቶቹ ምንም ያህል ቢስተካከሉ ጥቅም የለውም። መምህርቷ ዱላቸውን ያቆማሉ። ሁሉም እንደገና ዝቅ ይላል።

ወራት ያስቆጥራል ይህ ሥራ፣ አሰልቺም ነው። ነገር ግን ወገብ ከታች ሲረጋ ትንፋሽ ይለቀቃል፤ ትንፋሽ ሲለቀቅ ዓይን ነፃ ይወጣል። ዓይን እጅን ይከተላል፣ ልብም ዓይንን ይከተላል የሚለው የጥንቱ ትምህርት በሰውነት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ያው መዳፍ ዝቅ ብሎ እየተወዛወዘ ሲንሸራተትና ዓይን አብሮት ሲፈስ ወንዝ ይሆናል። ወደ ውጭ ዞሮ ሲነቃነቅና ቅንድብ ሲሰበሰብ እምቢታ ነው። ጣቶቹ ግን ቅንጣት አልተለወጡም።

ባላሳራስዋቲ ይህን እስከ ጥልቀቱ ያሳዩ ባለሙያ ነበሩ። ከትውልድ ትውልድ ውዝዋዜና ሙዚቃን ከያዘ ቤተሰብ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1925 ገና በልጅነታቸው ካንቺፑራም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጡ። አንዷን የዘፈን ስንኝ ራሳቸው እያዜሙ ደጋግመው ይመለሱባት ነበር፤ በተመለሱ ቁጥር እጃቸውና ፊታቸው ሌላ ነገር ይናገር ነበር። የፊልም ባለሙያው ሳትያጂት ራይ እ.ኤ.አ. በ1976 በሠራው «ባላ» ፊልም ውስጥ በባሕር ዳርቻ ነፋሱ ልብሳቸውን እያውለበለበ ሲጨፍሩ ይታያሉ። ተማሪ ያንን ሲመለከት ምልክቶቹን መቁጠር ይረሳል።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ሥርዓት የተስተካከለው በአብዛኛው ዳንሰኛዋ ሩክሚኒ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1936 በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ካቋቋሙት ከካላክሼትራ ትምህርት ቤት ወዲህ ነው። የመስመር ጥራትንና ጥብቅ ልምምድን ለተማሪዎች አወረሱ። ከዚያ በፊት ሙያውን ያቆዩት ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ዴቫዳሲ የሚባሉ ሴቶችና አሠልጣኞቻቸው ነበሩ፤ ሴቶችን ለቤተ መቅደስ መስጠት በማድራስ በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። እነዚያ ሴቶች በኑሯቸው ብዙ ነገር አጥተዋል። ፓታካን የሚያነሳ ሁሉ ከእነሱ የተቀበለውን እንደያዘ ማወቅ ይገባዋል።

ትምህርቱ ሲያበቃ ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው መሬቱን በጣታቸው ይነካሉ፤ ሲረግጧት የዋሉትን ምድር ይቅርታ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን፣ ከወራት በኋላ፣ ያቺ ጀማሪ ዝቅ ብላ ቆማ ሁለቱን መዳፎቿን በዝግታ ከራሷ በላይ አሻገረች። ዓይኗ ከእጆቿ አልፎ ራቅ ያለ ነገር ላይ ነበር። መምህርቷ ዱላውን እንደያዙ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያም እንጨቱን መታ አደረጉና «በሁለተኛው ፍጥነት» አሉ።