ከሰማይ የመጡ እንግዶች

ሶፊ ከሐረር ብዙም አትርቅም። ከጁገል ግንብ ወጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ማሽላው፣ ለውዙና ጫቱ ይቀበላችኋል። እዚያ የሚያርስ አጎት አለኝ። አንድ ምሽት ደጁ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን፣ በርጫው አልቆ በምርቃና ዝም ዝም ብለን ሳለ የአጎቴ ልጅ ድንገት ብድግ አለና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። እውነትም ጉድ ነው! ሃያ ይሁን ሠላሳ የብርሃን ነጠብጣብ፣ እንደ ግመል ቅፍለት ተከታትሎ፣ ኮሽታ ሳያሰማ ሰማዩን ያቋርጣል።

አጎቴ «አዑዙ ቢላሂ» አለ። ልጁ ግን መደንገጡ ቀርቶ ደስ አለው።

«አላልኩህም? መንግሥታት ከነሱ ጋር መገናኘት ከጀመሩ ቆዩ እኮ። አሜሪካ ከጨረቃ ጀርባ ጣቢያ አላት። የሚያውቅ ያውቃል፤ ለኛ ነው የማይነግሩን።»

እኔም እንደ ተማረ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ አስረዳሁት። ይሄ የኤለን መስክ ኩባንያ የኢንተርኔት ሳተላይት ነው፤ ከ2019 ጀምሮ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው) በአንዴ በርከት አድርገው ያመጥቁታል፤ ለጥቂት ቀን እንዲህ ተሰልፎ ይታይና በኋላ ይበታተናል አልኩት። ልጁ በሐዘኔታ አየኝ። «አቦ ተወና! አንተ እንድታምን የፈለጉት እሱን ነው።»

አለቀ። ከዚህች ዐረፍተ ነገር በኋላ ክርክር የለም። ማስረጃ ብታመጡ የመደበቂያ ማስረጃ ይሆናል፤ ዝም ብትሉ ደግሞ ተስማምታችኋል።

ግን ልስቅበት አልቻልኩም። ለምን ብትሉ፣ ምስጢራዊ የጠፈር ሥራ በእርግጥ ነበር፤ ያውም ያኔ የኢትዮጵያ ግዛት በነበረችው አስመራ። ልጅ ሳለሁ ሐረር ሰፈራችን ውስጥ አስመራ ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። «ፈረንጆቹ በትልቅ ነጭ ሳህን ከሰማይ ሰዎች ጋር ያወሩ ነበር» ይሉን ነበር። እኔም ወሬውን ትምህርት ቤት ወስጄ፣ የሰማይ ሰዎቹ ትግርኛ ሳይቀር እንደሚችሉ ጨምሬበት አሰራጭቻለሁ። (ይቅር በሉኝ።)

ሳህኖቹስ እውነት ናቸው። ቦታው ቃኘው ጣቢያ ነው፤ ስሙ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተወሰደ። ጣቢያው ውስጥ «ስቶንሃውስ» የሚባል ክፍል ነበር፤ አንዱ 26 ሜትር፣ ሌላው 46 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ግዙፍ አንቴናዎች ያሉት። ከ1965 እስከ 1975 ድረስ የሚያዳምጠው ሶቪየቶች ወደ ጨረቃ፣ ወደ ማርስና ወደ ቬነስ የሚልኳቸውን መንኮራኩሮች ነበር። የሶቪየቶቹ ዋና መቀበያ ክሪሚያ ውስጥ ነው፤ አስመራ ደግሞ ከክሪሚያ በስተደቡብ፣ በተቀራራቢ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናት። መንኮራኩሩ ወደ ክሪሚያ መልእክቱን ሲልክ አስመራም ትሰማለች። የጡረተኛው ወታደር ወሬ ከዚህ ያን ያህል አልራቀም፤ የተሳሳቱት ከሰማይ የሚናገረው ማን እንደሆነ ላይ ብቻ ነው።

ይሄ ምስጢር ደግሞ ኪራይ ነበረው። አሜሪካና ኢትዮጵያ በሜይ 1953 ስለ ጣቢያው ሲስማሙ አብረው የወታደራዊ ርዳታ ውል ፈርመዋል። በ1960 አሜሪካ የ40,000 ሰው ጦር ለማስታጠቅ በድብቅ ቃል ገባች። ይህን ለሕዝብ ያወጣው ማን መሰላችሁ? ሰማይ ሲቃኝ ያደረ ሰው እንዳይመስላችሁ። የሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን ንዑስ ኮሚቴ ነው፤ በ1970 ባለሥልጣናትን አስቀምጦ «ምን ተፈራረማችሁ? ስንት ከፈላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ቃለ ጉባኤው ታተመ።

በዚያው ዓመት የሆነውን ልብ በሉልኝ። የዩፎ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያን ሲያነሱ የሚጠቅሷት ሳላዳሬ የምትባል፣ አስመራ አቅራቢያ ነበረች የሚሏት መንደር አለች። በኦገስት 1970 ቀይ የሚያበራ ኳስ እየጮኸ አልፎባት ቤቶች አፈረሰ፣ አስፋልት አቀለጠ ይላሉ። የዓለም ዩፎ ወዳጅ ይህችን መንደር ያውቃታል። ከአራት ወር በኋላ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ከረን አጠገብ ኦና የምትባል መንደር በመንግሥት ጦር ተቃጠለች፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿ ተገደሉ። ከነዚያ ጸሐፊዎች ኦናን የሚያነሳ አላጋጠመኝም። ምን ያንሳት! እሷን ያቃጠላት ማን እንደሆነ ይታወቃላ።

በዚህ ወሬ ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። «መንግሥት ይደብቀናል» የሚለው ሰው እውነቱን ነው፤ ይደብቃል። ግን ጥርጣሬው ሁሉ ጨረቃ ጀርባ ሲሄድ፣ እዚህ ምድር ላይ የተፈረመውን ውል የሚጠይቅ ይጠፋል። ለደባቂውም ከዚህ የተሻለ ምቾት የለም። ሲአይኤ በ1997 ባወጣው የራሱ የታሪክ ጽሑፍ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ከተመዘገቡት የዩፎ ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዩ-2 ዓይነት የስለላ በረራዎች እንደሆኑ፣ አየር ኃይሉም ለሕዝቡ የተሳሳተ መልስ ይሰጥ እንደነበር ገልጿል። ሕዝቡ ስለ ማርስ ሰው ሲጨቃጨቅ አውሮፕላኑ ሥራውን ይሠራል። በ2023 አንድ የቀድሞ የደኅንነት ባልደረባ ለአሜሪካ ምክር ቤት መንግሥት የባዕድ ፍጡራን መንኮራኩር ደብቋል ብሎ መሰከረ፤ በ2024 ፔንታገን አንድም ማስረጃ አላገኘሁም አለ። የአጎቴ ልጅ የመጀመሪያውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ሁለተኛውን «ታዲያ ምን ሊሉ ኖሯል!» ይላል።

የራሳችን ሳተላይት ታስታውሱ እንደሆነ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 20 ቀን 2019፣ ከቻይና መጠቀች። 70 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ ውስጥ 6ቱን ቻይና እንደሸፈነች ተነገረ። የእርሻና የአየር ንብረት መረጃ ትልካለች ተባለ፤ እንጦጦ ላይ ተጨበጨበ። የታሰበላት ዕድሜም ሁለት ዓመት ነበር። የዚያን ሰሞን ወሬ ትዝ ይለኛል፤ አንዱ «ስልካችንን ለመጥለፍ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቻይና ልትሰልለን ነው» ይላል። ስንት ፎቶ ተነሳ? ማን ዘንድ ተቀመጠ? የትኛው የግብርና ጽሕፈት ቤት ተጠቀመበት? ይህን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ወደ ሶፊ ልመለስ። ቅፍለቱ ከተራራው ጀርባ ገባ። ልጁና እኔ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንከራከር አጎቴ ሲያዳምጥ ቆየና ገባ አለ።

«ያንተም ይሁን የሱ፣ ከላይ ሆነው ያዩናል ነው የምትሉት?»

«አዎ፣ ያዩናል» አልኩት። (ሐረር ላይ ታላቅንም አንተ ማለት ነውር የለውም።)

«ማሽላው ሲደርቅም ያያሉ?»

«ያያሉ። ደመናውንም ያያሉ።»

«እና ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ለማን ነው የሚነግሩት?»

ልጁ አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። አጎቴ ምንጣፉን ማጠፍ ጀመረ።