በግራፍ ፕሮግራሞች ውስጥ ስላለው የተራ ቍጥር ሥርዓት

ማትላብና ማትፕሎትሊብ የተባሉት የግራፍ መሣያ ፕሮግራሞች በሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ማትፕሎትሊብን በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ጆን ሃንተር የማትላብን አሠራር አርአያ አድርጎ ስለ ተነሣ፥ ሁለቱን አነጻጽሮ መመርመር ተገቢ ነው። የምንመረምረውም የሥዕላቸውን ውበት ሳይሆን፥ በአንድ ሥዕል ውስጥ ያሉትን መስመሮች፥ ቅርጾችና ጽሑፎች በምን ተራ እንደሚቈጥሩ ነው።

አንድ ተማሪ በማትላብ በመጀመሪያ የዝናቡን፥ ቀጥሎም የሙቀቱን መስመር በአንድ ግራፍ ላይ ቢሥል፥ «ችልድረን» በተባለው ዝርዝር ውስጥ ቍጥር 1 ሆኖ የሚገኘው ኋለኛው፥ ይኸውም ሙቀቱ ነው። ምክንያት አለው፤ ዝርዝሩ የሚያመለክተው አቀማመጥን ስለ ሆነ፥ በጠረጴዛ ላይ እንደ ተደራረበ ወረቀት ከላይ ያለው ይቀድማል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ነቀፌታ ባላነሣን ነበር። ነገር ግን «ሌጀንድ» የተባለው ትእዛዝ፥ ስሞች ብቻ ሲሰጡት፥ የሚያድላቸው መስመሮቹ በተሣሉበት ቅደም ተከተል ነው። እንግዲህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ተራ አለ። የችልድረንን ዝርዝር እንዳለ ወስዶ፥ ዝናብን አስቀድሞ ስሞቹን ለሌጀንድ የሰጠ ተማሪ፥ የዝናቡን ስም ለሙቀቱ ያወርሰዋል። ግራፉ አምሮ ይዋሻል፤ ፕሮግራሙም አንዳች የማስጠንቀቂያ ቃል አይናገርም።

ማትፕሎትሊብ በዚህ ረገድ ይሻላል። የመስመሮቹ ዝርዝር በተጨመሩበት ተራ ይቈያል፤ የላይና የታችን ነገር የሚወስነው ግን «ዚኦርደር» የተባለ ሌላ ቍጥር ነው። ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠ ለቅርጾች 1፥ ለመስመሮች 2፥ ለጽሑፍ 3 ነው፤ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ በኋላ የገባው ከላይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዝርዝሮቹን እንደ ፓይተን ልማድ ከ0 እየቈጠረ፥ «ሰብፕሎት» በሚለው ትእዛዝ የሥዕሉን ክፍሎች ከ1 መቍጠሩ፥ ከማትላብ የወረሰው ጉድለት ነው።

በእኛ አስተያየት የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው። ተራ ቍጥር ቦታን ያመለክታል እንጂ ማንነትን አያመለክትም፤ አንድ መስመር ሲጨመር ወይም ሲሰረዝ ይለወጣልና። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር በተሣለበት ጊዜ የራሱ ስም ይሰጠው፤ በማትላብ «ታግ»፥ በማትፕሎትሊብ «ሌብል» ለዚህ ያገለግላሉ። ግራፍ የጥናታችን ምስክር ስለ ሆነ፥ የምስክሩን ስም ለአጋጣሚ መተው አይገባንም።