ከክፈፉ ውጭ የቀረው፦ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ እውነትነትና የስሜን ጭላዳ

በግራንድ ሳኮኔና በአካባቢው ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ሥዕሎች አይጠፉም። አንዱ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ሲሆን ሌላው በስሜን ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ ነው፤ ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ በነፋስ የተበተነ፣ ከጀርባው ሰማያዊ ገደል በገደል ላይ የተደራረበ። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ውበቱን ለመካድም አልተነሣንም። የምንጠይቀው ሥዕሉ ስለ ስሜን የሚነግረን እውነት ምን ያህል እንደሆነ፣ የሚጎድለውም ካለ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ዱር አራዊት ፎቶግራፍ እውነትነት ክርክር ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሱት ግልጽ የማታለል ጉዳዮች ናቸው። በ1958 የወጣው የዋልት ዲዝኒ «ዋይት ዊልደርነስ» የተባለ ፊልም፣ ለሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል የበረዶ አገር እንስሳት በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ውኃ ሲወረወሩ አሳይቶ የኦስካር ሽልማት ተሸለመ። የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በ1982 እንዳጋለጡት ግን እንስሳቱ ፊልሙ ወደተቀረጸበት ወደ አልበርታ ከሌላ ስፍራ ተገዝተው የመጡ ነበሩ፤ ወደ ውኃውም የጣላቸው የሰው እጅ ነው። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው ዓመታዊ ውድድር በ2009 አንደኛ የወጣው በአጥር በር ላይ የሚዘልል ተኩላ ፎቶግራፍ፣ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በ2010 ሽልማቱን ተነጠቀ። በዚያው ውድድር በ2017 በአንድ ዘርፍ ያሸነፈው የብራዚል ምስጥ በል እንስሳ ሥዕልም፣ እንስሳው በጎብኚዎች መቀበያ ከቆመው፣ ቆዳው ተሞልቶ ከተሠራው ቅርጽ ጋር አንድ ነው ተብሎ በ2018 ተሠረዘ። ሁለቱም ፎቶግራፍ አንሺዎች ክሱን አልተቀበሉም። እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ መፍረድ ለዳኛም ለአንባቢም ቀላል ስለሆነ ብዙ አንቆይበትም።

አስቸጋሪው ሐሰት ሳይነገር እውነት የሚጎድልበት ነው። የሐረርን ጅቦች እንውሰድ። በጀጎል ግንብ ውስጥ ጅቦች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች መኖራቸው፣ በአሹራ በዓልም ለጅብ ገንፎ የማቅረብ ልማድ መኖሩ የታወቀ ነው። ማታ ማታ በጎብኚ ፊት ሥጋ ማብላቱ ግን ከዚያ በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጣ ነው። እንግዳው ገንዘቡን ይከፍላል፤ አብይው ሥጋውን በእንጨት ላይ አድርጎ ይዘረጋል፤ የመኪና መብራት ይበራል፤ ካሜራው ይጮኻል። ይህ ሥዕል ሐሰት ነውን? በእኛ አስተያየት አይደለም። ሰውና ጅብ በአንድ ከተማ ተቻችለው መኖራቸውን የሚያሳይ ሥዕል በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። ያው ሥዕል ሰውየው ተቆርጦለት «የአፍሪካ ሌሊት አዳኝ» በሚል መግለጫ ሲታተም ግን ሐረር ትጠፋለች፤ ጅቡም ያልሆነውን ይሆናል። እንግዲህ ሐሰቱ ያለው በማብላቱ ሳይሆን በመቀሱ ነው።

ከዚሁ አገር አንድ የተሻለ ምሳሌ እናገኛለን። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው ሃንስ ኩመር ከ1960 እስከ 1961 በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በኤረር ጎታ አካባቢ፣ ሐማድርያስ የሚባሉትን ዝንጀሮዎች አጠና። በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር ከሌላ ወገን የሆኑ ሴት ዝንጀሮዎችን ወስዶ በሐማድርያስ መንጋ መካከል ለቀቀ፤ አዲሶቹም የወንዱን ቁጣ አይተው ብዙ ሳይቆዩ እየተከተሉት መሄድ ተማሩ። ከዚህ የበለጠ በተፈጥሮ ሥራ ውስጥ እጅን ማስገባት የት ይገኛል? ሆኖም ኩመርን አታላይ ያለው የለም፤ ያደረገውን አድርጌአለሁ ብሎ ጽፎአልና። ፎቶግራፍ አንሺዎች ከሳይንቲስቱ ሊማሩ የሚገባቸው የእጅ ንጽሕናን ሳይሆን ይህን የመናገር ልማድ ነው።

የባሌው ቀይ ቀበሮ ጉዳይም ይህን ያጠናክራል። በኅዳር 2024 «ኢኮሎጂ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮዎች የአሸንዳን አበባ ማር ሲልሱ መታየታቸው ተገለጠ። ሥጋ በሊታ የሆነ አውሬ አበባ ሲልስ የሚያሳዩት የአድሪየን ለሳፍር ፎቶግራፎችም ዓለምን ዞሩ። ለደጋ እረኞች ግን የአበባው ጣፋጭነት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ልጆቻቸው ሲልሱት ኖረዋል። አንባቢ ያስተውል፦ ከአምስት መቶ የማይበልጥ ቁጥር ያለውን፣ በውሻ በሽታም በየጊዜው የሚያልቀውን ይህን አውሬ የሚመለከት አንድ አዲስ እውቀት በሥዕል ታማኝነት ላይ ቆሟል። አበባው አስቀድሞ ማር ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ የሚወድቀው የአንድ ሰው ስም ብቻ ባልሆነ፣ ጥናቱም አብሮ በወደቀ ነበር። ዛሬ ያልተወለደ ቀበሮ በኮምፒዩተር መሣል በተቻለበት ዘመን ደግሞ የአንሺው ቃል ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል።

ወደ ስሜን እንመለስ፤ ዋናው ጉዳያችን እሱ ነውና። ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ ገብስ እያረሱ ከብት እያረቡ ይኖሩ የነበሩት የጊች መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ግጦሹ ከልክ ያለፈ፣ የዋልያው መኖሪያም የጠበበ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። የፈረንሳዩ የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ግን፣ ሰው የሌለበት አፍሪካ የሚለው ሐሳብ ከአውሮፓ የመጣ መሆኑን ከስሜን ታሪክ ተነሥቶ ተከራክሯል። በሁሉም ባንስማማ እንኳ ጥያቄውን ማለፍ አይቻልም።

ይህ ከፎቶግራፍ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። በለንደኑ ውድድር በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘርፍ ያሸነፈው የሪካርዶ ማርኬጃኒ ሥዕል፣ ልጇን በሆዷ ያንጠለጠለች ጭላዳ በስሜን ገደል ጫፍ ያሳያል። ሥዕሉ በትዕግሥት የተገኘ፣ ነቀፋም የማይገባው ነው። ነገር ግን ጭላዳ ሰው አጠገቡ ቁጭ ሲል የማይሸሸው በሳንቃበርና በቡይት ራስ አካባቢ ለአሥርተ ዓመታት ከጎብኚ ጋር ስለኖረ ነው፤ ከገበሬው የገብስ ማሳ ሲደርስ የሚጠብቀው ግን ወንጭፍ ነው። በስሜን ጎብኚ ያለ ስካውት አይንቀሳቀስም። እንግዲህ ከእያንዳንዱ «ሰው ያልደረሰበት ዱር» ሥዕል ኋላ ጋቢ የለበሰ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ መንጋው የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ቆሞአል። በሥዕሉም በመግለጫውም የለም። ጊችን ያስነሣው ፎቶግራፍ ነው አንልም፤ ይህ ማጋነን ይሆናል። ለአርባ ዓመት ባዶ ሆኖ የታየ ተራራ ግን፣ ባዶ ይሁን የሚል ውሳኔ ሲመጣ ለተመልካቹ እንግዳ አይሆንበትም።

እኛ ይህን ዓይነት አቆራረጥ እናውቀዋለን። በጥቅምት 1984 ከኮረም የተላለፈው ሥዕል የዓለምን ልብ ነካ፤ ብዙ ሕይወትም አተረፈ። ይሁን እንጂ በዚያ ሥዕል ውስጥ የነበሩት ሰዎች ስም አልነበራቸውም፤ ከብታቸው፣ ማሳቸው፣ በአቅራቢያቸው ይካሄድ የነበረው ጦርነትም ከክፈፉ ውጭ ቀረ። ረሀብተኛው ያለ አገር፣ ጭላዳው ያለ ገበሬ ታየ። በአንዱ ሥዕል ሰው ብቻ ቀረ፤ በሌላው ሰው ብቻ ጠፋ። የሁለቱም አቆራረጥ ለሚመለከተው ሩቅ ሰው ይመቸዋል።

ነገር ግን ነቀፋችን ወደ ውጭ ብቻ እንዳይሆን እንፈራለን። ስደተኛ አገሩን ሰው በሌለበት መልክ መውደድ ይቀናዋል፤ ተራራ አይከራከርም፣ ጭላዳም የየትኛው ወገን ነህ ብሎ አይጠይቅም። በስብሰባዎቻችን ላይ በአንድ ስም መስማማት ያቃተን ሰዎች በግድግዳችን ሥዕል ላይ ተስማምተን ኖረናል። የጊች ሰዎች ሲነሡ ስለ ጉዳዩ በዚህ ከተማ የተነጋገርን ጥቂቶች ነን፤ የዋልያው ቁጥር ሲጨምር ግን ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል።

ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ ገበሬውን በክፈፉ ውስጥ ያስገባ ብለን አንጠይቅም፤ ይህ ሌላ ዓይነት ትእዛዝ ይሆናል። የምንጠይቀው መግለጫውን ነው፦ እንስሳው ሰው የለመደ ነው ወይስ አይደለም፣ ምግብ ቀርቦለት ነበር ወይ፣ መንገዱን ያሳየው ማነው፣ ስፍራው በሰው ዘንድ ምን ተብሎ ይጠራል። ይህ ሁሉ ከሦስት መስመር አይበልጥም። ስለ ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ብቻ ስፍራው ሳይነገር እንዲቀር እንፈቅዳለን፤ ግልገል ባለበት ጎብኚን መጥራት ጉዳት ነውና።

ይህን ስንጽፍ ከፊታችን ያለው የቀን መቁጠሪያ የዚህ ወር ሥዕል ጭላዳ ነው። በሥዕሉ ግራ ጥግ፣ ከሣሩ በላይ፣ የድንጋይ አጥር የሚመስል ቀጭን መስመር ይታያል፤ በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይለይም። ከሥሩ የተጻፈው «ኢትዮጵያ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።